ከቼክ አገር የመጣ ኳርቴት ደብረ ብርሃን ላይ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ

ከውጭ የሚመጣ የክላሲካል ሙዚቃ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አንድ ምሽት ተጫውቶ ይመለሳል። ደብረ ብርሃን እኮ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት! ጠዋት ቢነሱ ለምሳ ይደርሳሉ። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ከቼክ ሪፐብሊክ የመጡ ሙዚቀኞችን ሁለት ጊዜ እዚህ አስተናግደናል። በመጀመሪያው ብዙ ነገር ተበላሸብን፣ ሁለተኛው ግን አማረ። በመሃል የተማርነውን ነው የምጽፍላችሁ። ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማ ወይም ሸዋ ሮቢት ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር የምታስቡ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የሚመጣላችሁን ነገር እወቁት። ስትሪንግ ኳርቴት ማለት አራት ሰው ነው፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። ቪዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ይተልቃል፣ ድምፁም ወፈር ይላል። ቼሎ ደግሞ ተቀምጠው በሁለት ጉልበት መሃል ይዘው የሚጫወቱት ትልቁ ነው። ከበሮ የለም፣ ዘፋኝ የለም፣ እጁን የሚያወዛውዝ መሪም የለም። እርስ በርስ እየተያዩ፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየሰማ ነው የሚጫወቱት። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነት ሙዚቃ ቻምበር ሙዚክ ይሉታል። እኔ የእልፍኝ ሙዚቃ ማለት ደስ ይለኛል። የተሠራው ለአደባባይ ሳይሆን ለእልፍኝ ነዋ። ጥቂት ሰው፣ ጠበብ ያለ ቤት፣ ቅርብ ለቅርብ።

ስለዚህ ማይክ የለም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ድምፁ ከእንጨቱ ወጥቶ በባዶ አየር ተጉዞ ጆሮ ድረስ መድረስ አለበት። መንገድ ላይ የሚያገኘው ጫጫታ ሁሉ ይበላዋል።

እኛ ይህን አላወቅንም ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ስፒከር ከነሚክሰሩ ተከራየን፣ ባለሙያም ቀጠርን። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አራት ማይክ በአራት ቆሞ አቆመ። ልምምዱ ሲጀመር ቫዮሊኑ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ፣ ቼሎው ደግሞ ጎርነን ብሎ የጎርፍ ድምፅ መሰለ። ቼሎ ተጫዋቿ ቀስ ብላ «እስቲ ያለሱ እንሞክረው» አለች። አጠፋነው። መጀመሪያ ሁላችንም ደነገጥን፣ ምክንያቱም በጣም ትንሽ ድምፅ ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል ጆሯችን ሲለምደው ግን የደጋኑ ጭራ ክሩን ሲነካ ሁሉ መሰማት ጀመረ። የድምፅ ባለሙያው ራሱ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ማይክ አይፈልግም» አለኝ። ለስፒከሩ የከፈልነውን ገንዘብ ለማሞቂያ ብናውለው ይሻል ነበር።

ደግሞ አስቡት፣ መብራት ቢጠፋም ኮንሰርቱ አይቆምም። ኖታው እንዲታይ ብቻ በባትሪ የሚሠሩ አራት ትንንሽ መብራቶች ያዙ።

አዳራሹን በጆሮ ምረጡ

ትልቁንና አዲሱን አዳራሽ አትፈልጉ። ከ80 እስከ 120 ሰው የሚይዝ ይበቃል። የሰርግ አዳራሽ አይመከርም፤ ወፋፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ስለሚበዛበት ድምፁን ይውጠዋል። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ የድሮ የድንጋይ ቤት፣ የእንጨት ኮርኒስ ያለው የስብሰባ ክፍል፣ እነዚህ ናቸው ጥሩዎቹ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ተዉት። ዝናብ ቢጥል አለቀላችሁ። ባይዘንብም ፀሐይ ሲያርፍበትና ሲበርድ ቆርቆሮው ቋ ቋ ይላል።

መሃል ላይ ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ድምፁ ወዲያው ሞቶ ከቀረ ቤቱ ደረቅ ነው። ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያስተጋባል፣ ኖታው ይደባለቃል። ትንሽ የሚያስተጋባው ይሻላል፤ ሰው ሲሞላበት ይስተካከላል፣ የሰው ልብስ ድምፅ ይውጣልና። በዚያ ላይ በእኛ አገር ብርድ ሁሉም ጋቢና ካፖርት ለብሶ ነው የሚመጣው። አሁንም ካስተጋባ ከኋላ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት የመንዝ ባና ስቀሉ። እኛ ሰቅለን ነበር፣ ለዓይንም አምሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ሥራ አለ፤ ማንም አይሠራውም፣ እናንተ ግን ሥሩት። ከኮንሰርቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ብቻችሁን አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑና የምትሰሙትን ሁሉ ጻፉ። የባጃጅ ድምፅ፣ የጎረቤት ወፍጮ፣ የብረታ ብረት ቤት ግራይንደር፣ ጀነሬተር፣ የሚንቋቋ በር፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። የቤተ ክርስቲያኑ የማታ ጉባኤና የመስጊዱ አዛን ሰዓትም ይጻፍ። እነሱን ዝም በሉ አይባልም፣ የእኛን ሰዓት ነው ማስተካከል። ሌሎቹን ግን አንድ በአንድ ሄዳችሁ አነጋግሩ። እኛ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት «ጋሼ፣ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ቢያሳርፉልን?» ብለን ለመንናቸው። ፈቀዱ፣ ከነባለቤታቸውም መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቀኑን ስትቆርጡ

ክረምቱ አይሆንም፣ ምክንያቱን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ዐቢይ ጾምም አይመችም። ጥር ሰርግ ስለሚበዛ አዳራሽም መኪናም ይጠፋል። ለእኛ የሚመቹት ሁለት ጊዜዎች ናቸው፤ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር 14፣ ማለትም የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት፣ እና ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ። በሁለተኛው ከሄዳችሁ ሰርግ የማይኖርበትን የሥራ ቀን ምረጡ።

ማታ አታድርጉት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 11 ሰዓት ሳይሞላ ቢያልቅ ሰውም ሳይጨልም ቤቱ ይገባል።

ሰዓቱን ለእንግዶቹ ስትጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። የእኛ 9 ሰዓት ተኩል ለእነሱ 15፡30 ነው። ቀኑንም እንዲሁ። እኛ «10 ሰዓት ልምምድ» ብለን ጽፈን ሰዎቹ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የተዘጋ በር ፊት ለፊት በብርድ ቆመው አገኘናቸው። ቼሎውም አብሯቸው ቆሟል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፈቃድ ለማውጣት የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና የጸጥታውን ክፍል ቀድማችሁ አነጋግሩ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚመለከተው አካል ሳታረጋግጡ ለማንም ቀን አትስጡ። አዲስ አበባ የቼክ ኤምባሲ አለ፣ እሱንም አሳውቁ። ቡድኑ አስቀድሞ አዲስ አበባ ላይ ፕሮግራም ካለው አንድ ቀን ጨምሮ ወደ እኛ እንዲመጣ መጠየቅ ከባዶ ከመጋበዝ በጣም ይቀላል።

መንገድ ላይ

ቼሎ አውሮፕላን ላይ የራሱ ወንበር ተቆርጦለት ነው የሚመጣው። እናንተም እንደ ሰው ቁጠሩት። አራት ሰውና አንድ ቼሎ አምስት መንገደኛ ናቸው። ሻንጣ ሲጨመር ሃይሩፍ ሚኒባስ ያስፈልጋል። ፖርቶ መጋላ ላይ መሣሪያ አይጫንም፣ ከነሳጥኑም ቢሆን፣ በሸራ ተሸፍኖም ቢሆን። ሹፌሩ «አስሬ አስተካክለዋለሁ» ቢላችሁም እሺ አትበሉ።

እነዚህ መሣሪያዎች ፊታቸው ከስፕሩስ፣ ጀርባቸው ከሜፕል እንጨት የተሠሩ ናቸው። የተጣበቁትም ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው ሙቀት ሲበዛበት ይለቃል። እንጨቱ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ስለዚህ ምሳ ለመብላት ስትወርዱ መሣሪያውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ዘግታችሁ አትሂዱ። ይዛችሁት ግቡ።

ሸዋ ሮቢትም እንዲጫወቱ ካሰባችሁ ይህ ነገር ይከፋል። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ዋሻውን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ትሆናላችሁ። ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ማለት ነው። መቃኛው ይላላል፣ ክሩ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ክር ይበጠሳል። ቢቻል አንድ ሌሊት እዚያው አሳድሯቸው። ካልተቻለም ኮንሰርቱ ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ መሣሪያው አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ሳጥኑ ተከፍቶ ይቀመጥ፣ አየሩን ይልመደው። ደብረ ብርሃን ላይ የቼሎ ክር የሚሸጥ ሱቅ አላውቅም። ትርፍ ክር ሁለት ሁለት ሙሉ ይዘው እንዲመጡ በደብዳቤያችሁ ላይ ጻፉላቸው።

ሰዎቹም እንጨት አይደሉም። ፕራግ ከፍታዋ 200 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ መጥተው ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ራሳቸውንም ሊያማቸው ይችላል። በደረሱበት ቀን አታጫውቷቸው፤ ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ታሪካዊ ቦታ ነውና ማሳየት ጥሩ ነው፤ ግን ከኮንሰርቱ ማግስት ይሁን።

ጣት ሲቀዘቅዝ

የቫዮሊን ተጫዋች ጣት ከቀዘቀዘ ሙዚቃው አለ ማለት አይቻልም። ግራ እጃቸው በክሩ ላይ በፀጉር ያህል ልዩነት ነው ኖታውን የሚያገኘው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካገኛችሁ ከኮንሰርቱ በፊት ሁለት ሰዓት አሙቁና ሲጀመር አጥፉት፣ ብዙዎቹ ድምፅ ያወጣሉና። የከሰል ምድጃ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ሰው ይገድላል። ለመሣሪያውም ደረቅ ሙቀቱ ጥሩ አይደለም። መጠባበቂያ ክፍሉ ውስጥ ባና እና በፔርሙስ ፍል ውኃ አስቀምጡ፣ ዝንጅብል ያለው ሻይም ይኑር። እጃቸውን በሞቀው ብርጭቆ ላይ ያሞቃሉ። አረቄ ቀምሰው ይሙቁ የሚል ሰው አይጠፋም። ከኮንሰርቱ በኋላ ይደርሳል።

ወንበርና ወለል

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። አይደለም። በየአዳራሹ ያለው ባለ እጅ ማሳረፊያ ፕላስቲክ ወንበር አይሆንም፤ ደጋን የሚጎትት ክንድ ከማሳረፊያው ጋር ይጋጫል። እጅ ማሳረፊያ የሌለው፣ የማይወዛወዝ፣ መቀመጫው ጠንካራና ደልዳላ የሆነ የእንጨት ወንበር ፈልጉ። የትምህርት ቤት መምህራን ክፍል ውስጥ አይጠፋም። አራት ሰው የሚጫወትበት ቦታ 3 በ3 ሜትር ይበቃል። ኖታ የሚቀመጥበት አራት ስታንድ ያስፈልጋል፣ ይዘው ይመጡ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቼሎ ከታች የብረት ሹል አለው፤ ወለል ላይ ተተክሎ ነው የሚቆመው። የመጀመሪያው ኮንሰርታችን የነበረበት ቤት ወለሉ የተወለወለ ሴራሚክ ነበር። ዘገምተኛው የሙዚቃው ክፍል ላይ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ሳለ፣ ቼሎው ተንሸራቶ ሄደ። ተጫዋቿ በጉልበቷ ይዛ አዳነችው። ሙዚቃው ቆመ፣ እኔም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ጠፍጣፋ ጣውላ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ያለው፣ ከኋላው ደግሞ ገመድ። ገመዱን ከወንበሩ የፊት እግሮች ጋር ታስራላችሁ። ሹሉ ጉድጓዷ ውስጥ ይገባል፣ ወዴትም አይሄድም። አናጺ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ምን ይጫወቱ?

እነሱ ዝርዝር ይልኩላችኋል። ግን አስተያየት ስጡ፤ ሰዉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ያለ ዕረፍት ከ60 እስከ 70 ደቂቃ ይበቃል። እኔ ብጠየቅ ሁለት ሥራ ነው የምመርጠው፣ ሁለቱም የራሳቸው የቼኮቹ ናቸው።

አንዱ የአንቶኒን ድቮርዣክ «አሜሪካን» የሚባለው ኳርቴት ነው፤ ኳርቴት የሚባለው ቡድኑ ብቻ ሳይሆን ለእሱ የተጻፈው ሥራም ነውና። ድቮርዣክ በ1893 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። በጋውን አይዋ ግዛት ውስጥ ስፒልቪል ወደምትባል የገጠር መንደር ሄደ። እዚያ የሰፈሩት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ። ሁለት ሳምንት ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ጽፎ ጨረሰው፤ እዚያ የሰማትን ወፍ ድምፅ ሳይቀር ሦስተኛው ክፍል ውስጥ አስገብቶታል። ሥራው 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ለእኛ ጆሮ ለምን ይስማማል? መክፈቻው ላይ ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ይርገበገባሉ፣ ከዚያ ቪዮላ ብቻውን ዜማውን ያነሳል። ያ ዜማ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ በሚሉት አምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። በአምስት ድምፅ! የእኛ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ አይደል? ይህንኑ ከ«ፋ» ብትጀምሩት ያው ነው። ድቮርዣክ የእኛን ትዝታ አልሰማም። ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት በብዙ ሕዝብ ዘንድ ያለ ነው። ግን ከአገሩ ርቆ የናፈቀ ሰው የጻፈው ዜማ በትዝታ ድምፆች ሲመጣ፣ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ማንም ምንም አላብራራላቸውም።

ሁለተኛው የቤድርዢህ ስሜታና «ከሕይወቴ» የሚለው ነው። ይህኛው መግቢያ ንግግር ይፈልጋል። ስሜታና በ1874 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ደንቆሮ ሆነ። ይህን ኳርቴት የጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ምንም ሳይሰማ ነው። አራት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ወጣትነቱና የጥበብ ፍቅሩ ነው፣ እዚህም ዜማውን የሚያነሳው ቪዮላ ነው። ሁለተኛው ፖልካ፣ የአገሩ ጭፈራ። ሦስተኛው በቼሎ ብቻ ይጀምራል፤ በሞት የተለየችው የመጀመሪያ ሚስቱ መታሰቢያ ናት። አራተኛው ደስታ ነው፣ ይሮጣል፣ ይጨፍራል። ከዚያ ድንገት ይቆማል። ሦስቱ መሣሪያዎች ከታች ይንቀጠቀጣሉ፣ ከላይ አንደኛው ቫዮሊን አንዲት ቀጭን «ሚ» ብቻ ይዞ ይቀራል። ያቺ ድምፅ ስሜታና ከመደንቆሩ በፊት ጆሮው ውስጥ ይጮህ የነበረው ነው። ይህን ለታዳሚው ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ቫዮሊኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ከነገራችሁት ግን ሲመጣ ያውቀዋል። አዳራሹ ውስጥ ያን ጊዜ የነበረውን ዝምታ በቃል መግለጽ አልችልም። ሥራው በ1878 እ.ኤ.አ. ፕራግ ውስጥ በግል ስብስብ ላይ ሲቀርብ ቪዮላ የተጫወተው ድቮርዣክ ነበር። ይህንንም ጨምሩበት፣ ሰው ሁለቱን ሥራዎች ያያይዛቸዋል።

ሁለቱንም ሙሉውን ማቅረብ ካልተቻለ ድቮርዣክን ሙሉ፣ ከስሜታና ደግሞ ፖልካውንና የመጨረሻውን ክፍል ጠይቁ። በመሃል አሥር ደቂቃ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ መሣሪያውን ብቻውን ያሰማ፣ አንድ ሰው እየተረጎመ። የሌላው ቼክ አቀናባሪ የያናቼክ ኳርቴቶችም ትልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ይሁን።

ማስታወቂያውን ስትጽፉ «የክላሲካል ሙዚቃ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ቼክ የሚለውን ስም እዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1928 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦር ግንባር ከአባቶቻችን ጋር በነበረው በአዶልፍ ፓርለሳክ ነው። «የፓርለሳክ አገር ሰዎች መጡ» ስንል የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ማሲንቆና ቪዮላ

ጠዋት ላይ፣ ኮንሰርቱ ሳይጀመር፣ እንግዶቹን ከአንድ አዝማሪ ጋር አገናኙ። ካሜራ ሳይበዛ፣ አንድ ክፍል ውስጥ። እኛ አንድ አዛውንት አዝማሪ ጋብዘን ነበር። ቪዮላ ተጫዋቹ ደጋኑን አውጥቶ ሰጣቸው። አገላብጠው አዩት፤ እንጨቱን፣ ጭራውን። ወጣቶቹ ወዲያው ጭራውን ሊዳስሱ እጃቸውን ሲዘረጉ እሳቸው ከለከሉ። «ተዉ፣ ወዝ አይወድም» አሉ። ቪዮላ ተጫዋቹ ሲተረጎምለት ሳቀ፣ እሱም ሊል የነበረው ይህንኑ ነበር። ከዚያ እሱ ከሳጥኑ ደጋን የሚቀባበትን ሙጫ አወጣ፤ እሳቸው ደግሞ ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ እጣን። የሁለቱም ደጋን የፈረስ ጭራ ነው፣ የሁለቱም የዛፍ ሙጫ ይፈልጋል። የማሲንቆው ክር ራሱ ጭራ መሆኑ ግን ለእንግዳው አዲስ ነበር። ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

አብረው ይጫወቱ ካላችሁ አንድ ምክር አለኝ። አዝማሪውን በእነሱ ድምፅ ተቃኝ አትበሉት። ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው። አራቱ ወደ እሱ ይምጡ፤ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ በአንድ ደቂቃ ያገኙታል። እሱ ትዝታውን ይምራ፣ ቼሎው ከታች አንድ ድምፅ ይያዝለት። ሌላ አያስፈልገውም። መድረክ ላይ ይቅረብ አይቅረብ ግን ራሳቸው ይወስኑ።

ታዳሚውን በተመለከተ

ፈንዲሻ አይታደል። ቆሎም አይሁን። ጠርሙስ ለስላሳም አታስገቡ፤ አንዱ በእግሩ ይመታዋል፣ ከኋላ እስከ መድረኩ ድረስ እየተንከባለለ ይሄዳል፣ እኛ ላይ ደርሷል። ቡናው ከኮንሰርቱ በኋላ ይፈላ፣ ቄጤማውም ያኔ ይጎዝጎዝ። ስልክ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ጭራሽ ይጥፋ። ቪዲዮ ቀራጩ አንድ ቦታ ቆሞ ይቅረጽ፣ መብራቱን አጥፍቶ።

ንግግር የሚያደርግ የክብር እንግዳ ካለ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሙዚቀኞቹ የሞቀ ጣት ይዘው በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት፣ ንግግሩ በረዘመ ቁጥር ጣቱ ይቀዘቅዛል። ይህን በግልጽ ብትነግሯቸው ማንም አይቀየማችሁም፣ እኛን አልተቀየሙንም።

ጭብጨባው አራቱ ክፍሎች ሲያልቁ ነው የሚሆነው። መድረክ መሪው «ደጋናቸውን ዝቅ አድርገው ሲነሱ ያኔ እናጨብጭብ» ቢል ሁሉም ይገባዋል። በመሃል ያጨበጨበ ሰው ካለ ግን ዞራችሁ አትገላምጡት፤ ደስ ብሎት ነው። መጨረሻ ላይ እልልታ ይምጣ። ሙዚቀኞቹ እልልታ ሰምተው አያውቁም ነበር፣ ሁለተኛው ቫዮሊን ተጫዋች ዓይኑ እንባ ሞላ።

ሕፃናትን አትከልክሉ። ከሰባት ዓመት በላይ ያሉትን ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ አስቀምጧቸው። የቼሎ ተጫዋቿን እጅ በቅርብ እያዩ ከትልልቁ በላይ ዝም ብለው ነው የሚሰሙት።

እንግዶቹ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ጠይቋቸው። ሙዚቀኞች ክራቸውን በየጊዜው ይቀይራሉ፣ ያገለገለውን በሳጥናቸው ኪስ ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ለእነሱ ያለቀ ክር ለተማሪ ገና ብዙ ወር ይሠራል። እኛ ሰባት የቫዮሊንና ሦስት የቼሎ ክር ሰጥተውናል። በፖስታ አድርገን፣ የትኛው ክር የት እንደሚገባ በላዩ ላይ ጽፈንበት፣ አዲስ አበባ ቫዮሊንና ቼሎ ለሚማሩ ልጆች ልከነዋል።